ከጉና ግርጌ የወጡ ስሞች

የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የደቡብ ጎንደርን ደጋ እንደ ግንብ ይጠብቃል። ከትከሻው የሚወርዱት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው፣ ጥቁር አፈሩን አደልበው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ውሃው ጣና ከገባ በኋላ ጣና ይባላል፤ ከጣና ሲወጣ ደግሞ ዓባይ ነው። ዓባይን በጽሑፍና በዜማ የሚያነሡት ብዙዎች ናቸው፤ በዓባይ ውስጥ የጉናን ውሃ የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም።

የዚህ አገር ሰዎችም ታሪክ ከውሃው ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከአንበሳሜ ቆሞ ዙሪያውን ለሚቃኝ ሰው በምዕራብ በኩል በጣና ዳር ቆራጣ ትገኛለች፤ በሰሜን የፎገራ ሜዳና ናበጋ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም አልፎ ይፋግና እንፍራዝ አሉ። በምሥራቅ ደብረ ታቦርና ጋፋት፣ ከጉና ባሻገር ደግሞ የጋይንት አድባራት ናቸው። ከእነዚህ ቦታዎች አብዛኞቹ በካርታ ላይ በጥቃቅን ነጥብ የሚታዩ ናቸው፤ ከፊሎቹም ከነጭራሹ አይታዩም። ነገር ግን ከእያንዳንዳቸው የወጣ ሥራ ከአገር ድንበር አልፎ በፓሪስና በበርሊን፣ በቤይሩትና በኡፕሳላ ሲነበብ፣ ሲያከራክር ወይም ሲዘከር ኖሯል።

ታላላቅ ሰዎችን ከትውልድ ቀያቸው ጋር እያያዙ መቁጠር የተለመደ ነው። ቆጠራው ብቻውን ግን ብዙ አያስተምርም። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ከአንድ አካባቢ ከወጡት መካከል የአንዱ ስም ጎልቶ ሲቀር፣ የሌላው የሚደበዝዘው፣ የሦስተኛውም ከነአካቴው የሚጠፋው በምን ምክንያት ነው? ሥራው ስላነሰ ነውን? ወይስ ስሙን የሚጠብቅለት ወገን ስላጣ? የጉና ግርጌ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ መልስ በውስጡ ይዟል።

ቆራጣ፤ ማኅበር የጠበቀው ስም

በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ካቶሊክ እምነት ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ1622 በይፋ ባወጁ ጊዜ አገሪቱ ከዳር እስከ ዳር ታወከች። ዐመፁን ከመሩት መካከል በጦርና በጋሻ ሳይሆን በቃልና በጽናት የተነሡ ሴቶች ይገኙበታል። ከእነዚህም ስሟ ገኖ የቀረው ወለተ ጴጥሮስ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን የተወለደችው ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ ባለሟል የነበረው የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን ላይ በተነሣው ዘመቻ መሳተፉን ባወቀች ጊዜ የትዳሩንና የቤተ መንግሥቱን ምቾት ትታ መነኰሰች። ከዚያም በየመንደሩ እየተዘዋወረች ሕዝቡ የንጉሡን ሃይማኖት እንዳይቀበል አስተማረች። ተይዛ በንጉሡ ሸንጎ ቀረበች፤ ዣበይ ወደተባለው በረሓም ተግዛ ሦስት ዓመት ቆየች። የሚያስደንቀው ግን በግዞት ላይ እንኳ ተከታዮቿ እየፈለጉ ወደ እርሷ መምጣታቸው ነው። በሕይወት ዘመኗ ወንዶችንም ሴቶችንም ያቀፉ ሰባት የገዳም ማኅበራት አቋቁማለች። ወንዶች መነኰሳት በአንዲት ሴት አመራር ሥር የሚኖሩበት ማኅበር ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 ስታርፍ የማኅበሩን አመራር የተረከበችው የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ነበረች። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ስለ ለቀቁና የጥንቱ ሃይማኖት ስለ ተመለሰ፣ በስደት የተጀመረው ማኅበር በጣና ዳር ቋሚ ሥፍራ አገኘ። በቆራጣ የተመሠረተው ገዳም እስካሁን በስሟ ይጠራል።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዋናው ነጥብ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። እርሷ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 ገደማ፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ያዩዋትንና አብረዋት የኖሩትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እየጠየቀ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ገድሉ የቅድስት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የረኀቡንና የወረርሽኙን፣ የታንኳ ጉዞውንና የእህል ፈጨቱን፣ የማኅበሩን ጠብና ዕርቅ ሳይቀር የመዘገበ የኑሮ ሰነድ ነው። የገዳሙ ሰዎች መጽሐፉን እየገለበጡና ተአምሯን እየጨመሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላለፉት። እ.ኤ.አ. በ1912 ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ የግዕዙን ጽሑፍ በአውሮፓ አሳተመው፤ በ1970 ወደ ጣሊያንኛ፣ በ2015 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ።

እንግዲህ የወለተ ጴጥሮስ ስም በአጋጣሚ አልቀረም። ማኅበር ነበራት፤ ማኅበሩም የሚያስታውሱት ሰዎች ከማለቃቸው በፊት ጠይቆ ጻፈ። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ የነበረው ሥራ ሌላ ሠላሳ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ የሚጠየቅ ምስክር ባልተገኘም ነበር።

እንፍራዝ፤ የተካደ ስም

በዚያው በሱስንዮስ ዘመን ሌላ ሰው ደግሞ ለብቻው ሸሸ። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ በሚል ስም የሚታወቀው የግዕዝ ጽሑፍ እንደሚተርከው ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አጠገብ ከድሃ ገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ተምሮ አስተማሪ ከሆነ በኋላ በንጉሡ ዘንድ ስለ ተከሰሰ ወደ ተከዜ ቆላ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። በዋሻው ውስጥ የካቶሊኩንም የኦርቶዶክሱንም፣ የእስላሙንም የአይሁዱንም ትምህርት በልቡናው ሚዛን እየመዘነ መረመረ። ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ ሰው ለሰው ባርያ ሊሆን እንደማይገባ፣ የሰው ልቡና የእውነት መፈለጊያ ብርሃን መሆኑን ደመደመ።

ሱስንዮስ ከሞቱ በኋላ ዘርዐ ያዕቆብ ወደ እንፍራዝ መጥቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት በጽሕፈት ሥራ ተቀጠረ። በዚያው ቤት አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው የሚለውን አስተሳሰቡን በራሱ ኑሮ ላይ የፈጸመው በዚህ ነው። ሐተታውንም በሀብቱ ልጅ በወልደ ሕይወት ለማኝነት እ.ኤ.አ. በ1667 ጻፈው። ወልደ ሕይወት በበኩሉ የመምህሩን ፈለግ ተከትሎ ሁለተኛ ሐተታ ጨመረ።

ጽሑፉ ለዓለም የታወቀበት መንገድ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በዚሁ ደጋ በኩል አለፈ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ የካፑቺን መነኩሴ በጋይንት ቤተ ልሔም ተቀምጦ ግዕዝ ያጠና ነበር። ለፈረንሳዩ ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ ከላካቸው ብራናዎች መካከል ሐተታው ይገኝበታል። ብራናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ኤኖ ሊትማን ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1904 ሲያሳትመው ብዙዎች ተደነቁ። በ1920 ግን ኮንቲ ሮሲኒ፣ በ1934 ደግሞ ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ፣ ሐተታውን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር በበኩላቸው በ1970ዎቹ ዓመታት ባሳተሟቸው ተከታታይ ጥራዞች ሥራው የኢትዮጵያዊ መሆኑን በሰፊው አስረዱ። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም።

የክርክሩ ውጤት ምንም ቢሆን አንድ ነገር ግልጽ ነው። የወለተ ጴጥሮስን መኖር የሚጠራጠር የለም፤ ማኅበሯ፣ ገዳሟና የብራና ቅጂዎቿ ምስክር ናቸውና። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ልቡናውን ብቻ ተከትሎ ለብቻው የቆመ ሰው ነበርና ከቤተ ሰቡና ከደቀ መዝሙሩ በቀር የሚመሰክርለት ማኅበር አልነበረውም። ለብቻ ማሰብ የሚያስከፍለው ዋጋ በሕይወት ዘመን በሚደርስ ስደት ብቻ አያበቃም፤ ከሞት በኋላም ይቀጥላል።

ጋፋት፤ ሥራው የቀረ፣ ስሙ የጠፋ

ደብረ ታቦርን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የመሠረቱት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ። ካሣም በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አደረጉ። የዚህ ቤተ መንግሥት አንዱ መታሰቢያ በቋንቋ ረገድ ነው፤ ደብተራ ዘነብ የጻፉት የንጉሡ ዜና መዋዕል በተለመደው ግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ የተጻፈ ነውና። ሌላው መታሰቢያ ከደብረ ታቦር ጥቂት ርቆ በሚገኘው በጋፋት ተራራማ መንደር የተሠራው ነው።

ቴዎድሮስ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡትን የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያንና ሌሎች አውሮፓውያንን በጋፋት ሰበሰቧቸው። ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ሞሪትስ ሃል ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ንጉሡ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይልቅ የሚፈልጉት መድፍ ነበር። ባለሙያዎቹ መድፍ የመሥራት ልምድ እንደሌላቸው ቢናገሩም ትእዛዙ አልተነሣም። እየወደቁ እየተነሡ፣ ምድጃው እየፈረሰ እንደገና እየተገነባ በመጨረሻ ሥራው ተሳካ። በ1859 ዓ.ም. ከተሠሩት መካከል ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ ሰባ ኩንታል ያህል ነው።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉ አብሮ ተጎተተ። ገደሉን እየናዱ፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ አምስት ወር ያህል ተጓዙ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ ያወጡት ያ መድፍ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ጦርነት ላይ ግን የታሰበውን ያህል አልጠቀመም። ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

አሁን ከጋፋት የወጡትን ስሞች እንመልከት። የኢትዮጵያዊት ልጅ የሆነችውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ የነበረው ዋልድማየር ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በቤይሩት አጠገብ ያለውን የአስፉሪየን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም መሠረተ። ማስታወሻውን ስለ ጻፈ ስሙ ቀርቷል። ፖላንዳዊው መድፍ ሠሪ ሞሪትስ ሃል የሠዓሊው የኤድዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት ሚስቱ ልጅ የሆነችውን ካታሪናን አግብቶ ነበር። በመቅደላው ዘመቻ ሰሞን የተወለደችው ልጃቸው መቅደላን የሚያስታውስ ስም ወጣላት፤ መግደሌና ተባለች። የእርሷ የልጅ ልጅ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 2004 የኖረው፣ በሲኒማ ጥበብ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ የጋፋት ምድጃ ከለንደንና ከሆሊውድ መድረክ ጋር ይዛመዳል።

የምድጃውን ሸክላ ያቦኩት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ወናፉን የነፉት፣ ብረቱን ያቀለጡትና ሴባስቶፖልን በትከሻቸው ገደል ያወጡት ግን በማስታወሻዎቹ ውስጥ በጅምላ «ሠራተኞች» እየተባሉ ይታለፋሉ። ምክንያቱ ከባዕዳኑ ጸሐፊዎች ብቻ የመጣ አይደለም። በአገሩ ልማድ ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ነበር። ብረት የሚያቀልጥ እጅ በጦርነት ጊዜ ይፈለጋል፤ በሰላም ጊዜ ግን አብሮት የሚበላ አይገኝም ነበር። ቴዎድሮስ ለብረት ሥራ የነበራቸው ጉጉት ይህን ንቀት ለመስበር የሚያስችል በር ከፍቶ ነበር፤ በሩ ግን ከንጉሡ ሞት ጋር ተዘጋ። የእጅ ሙያን የሚንቅ ኅብረተሰብ የባለሙያውን ስም አይመዘግብም። የማይመዘግበውንም ሙያ ሁልጊዜ ከባዶ እንዲጀምር ይገደዳል። የጋፋት ምድጃ ከተዳፈነ በኋላ ቀጣይ ምድጃ አለመኖሩ የዚህ ማስረጃ ነው።

ናበጋ፤ ሳቅ የሸፈነው ሊቅ

የአለቃ ገብረ ሐናን ስም የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። በፎገራ በናበጋ ጊዮርጊስ በ1810ዎቹ ዓ.ም. የተወለዱት እኚህ ሰው በቀልዳቸውና በተረባቸው ይታወቃሉ። በመሸታ ቤትም ሆነ በሠርግ ቤት፣ በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት አንድ ብልኅ አነጋገር ሲነገር «አለቃ ገብረ ሐና» ይባላል። ብዙው ቀልድ እርሳቸው ካለፉ በኋላ በስማቸው የተጨመረ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሕዝቡ በራሱ ስም ሊናገር የማይደፍረውን በአለቃ አፍ እያስገባ ባለሥልጣኑን፣ ስግብግቡንና ግብዙን ተርቦበታል።

ነገር ግን የቀልዱ ዝና ሌላውን ማንነታቸውን ሸፍኖታል። አለቃ ገብረ ሐና በቅኔው፣ በፍትሐ ነገሥቱ ትርጓሜና በባሕረ ሐሳቡ ከዘመናቸው ሊቃውንት ተርታ የሚቆጠሩ፣ በጎንደር በዓታ ያስተማሩ መምህር ነበሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአቋቋም ጥበብን በአዲስ መልክ ያደራጁ ሰው ናቸው።

የዚህን ሥራ ስፋት ለመረዳት የአካባቢውን የዜማ ትምህርት ሥርዐት ማስታወስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አንድ ወጥ ትምህርት አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማስመስከሪያ ደብር አለው። ድጓ የሚያስመሰክረው ተማሪ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥእት የሚያስመሰክረው ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ሁለቱም በጋይንት ምድር ናቸው። በስሙ የሚታወቅ የዜማ ስልት ያለው ቆማ ፋሲለደስም በእስቴ ይገኛል። ከትግራይም ከሸዋም ከወሎም የመጣ የቆሎ ተማሪ በዚህ ደጋ ሳያልፍ ሙሉ የዜማ መምህር ለመባል ይቸገር ነበር ማለት ይቻላል። በአኩፋዳው ቁራሽ እየለመነ፣ በሣር ጎጆ እያደረ፣ ውሻ እየተከላከለ ዓመታትን ያሳለፈው ያ ተማሪ የአካባቢውን ስም በመላ አገሪቱ አዳርሶታል። ያበሉት ደግሞ የመንደሩ እናቶች ናቸው።

አቋቋም የዚህ ዜማ አካላዊ ገጽታ ነው። ዝማሜው፣ መረግዱ፣ ጽፋቱና ወረቡ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር ተዋሕዶ የሚቀርብበት ሥርዐት ነው። ከጥንት በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ስልቶች ነበሩ። እንደሚተረከው አለቃ ገብረ ሐና ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጋጭተው ወደ ጣና ደሴቶች በሸሹ ጊዜ፣ የሐይቁን ሞገድና የደንገሉን መወዛወዝ እያዩ ሰውነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዘነበለ የሚዘምምበትን አዲስ ስልት ቀመሩ። ለልጃቸው ለተክሌም አስተማሩት። ልጅየው ስልቱን በደብረ ታቦር አስተምሮ ስላስፋፋው ሥራው «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ቀረ። ደብረ ታቦር ኢየሱስም የትምህርቱ ማዕከል ሆነ።

እዚህ ላይ የስም ዕጣ ሌላ ገጽ ይታያል። አባት የፈጠረው በልጅ ስም ተጠራ፤ አባትም ባልተናገረው ቀልድ ጭምር ታወቀ። ይሁን እንጂ የተክሌ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ፈጣሪው አንድ ጊዜ ይፈጥራል፤ አስተማሪው ግን በየቀኑ ይፈጥረዋል። ሥራ ስም የሚያገኘው ከተማረው ደቀ መዝሙር አፍ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ደግሞ የሚጠራው ያስተማረውን ነው።

ይፋግ፤ የታሪክ ጸሐፊው

ከናበጋ ወደ ሰሜን ጥቂት ሲኬድ የጥንቷ የገበያ ከተማ ይፋግ ትገኛለች። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በዚህች ከተማ በ1853 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን አጥተው በስደት ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማሩ። ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው የግዕዙን ትምህርት አጠናከሩ። ግዕዝን ለጀማሪ በሚገባ መንገድ የሚያስረዳውን መጽሐፈ ሰዋስው አዘጋጅተው በ1889 ዓ.ም. በምንኩሉ አሳተሙ።

ዝናቸውን የሰሙት ዐፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን ላኳቸው። አለቃ ታዬ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። አብረዋቸው ከሠሩት አንዱ ወጣቱ ኦይገን ሚትቮኽ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ የእንፍራዙን ፈላስፋ መኖር የካደው ያው ሚትቮኽ ነው። ይፋግና እንፍራዝ ጎረቤት ናቸው። የይፋጉ ሰው በበርሊን ያስተማረው እውቀት ከጊዜ በኋላ የጎረቤቱን ስም ለመካድ ከዋሉት መሣሪያዎች ጋር ተቀላቀለ ማለት ነው። አለቃ ታዬ ግን እ.ኤ.አ. በ1924 አርፈው ስለ ነበር በክርክሩ ላይ ድምፃቸውን ሊያሰሙ አልቻሉም።

ከጀርመን ከተመለሱ በኋላ አለቃ ታዬ በእምነታቸው ምክንያት ተከሰው ታስረዋል። በንጉሡ ትእዛዝ የጀመሩት ሰፊ የኢትዮጵያ ታሪክም ሙሉ በሙሉ ሳይታተም ቀረ። ለኅትመት የበቃው «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው አነስተኛ መጽሐፍ ነው። በ1914 ዓ.ም. በአስመራ ታትሞ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በኡፕሳላ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። መጽሐፉ ስለ ጥንተ ነገድ የሚያቀርበውን ሐተታ የዛሬው የታሪክ ጥናት አይቀበለው ይሆናል። የአርእስቱ አዲስነት ግን ሊዘነጋ አይገባም። የነገሥታት ታሪክ፣ የዜና መዋዕልና የገድል ባህል በነገሠበት አገር «የሕዝብ ታሪክ» የሚል ርእስ መስጠት ራሱ አንድ እርምጃ ነው። ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከገበያ ከተማ፣ ከባለርስት ሳይሆን ከወላጅ አልባ ልጅ የመጣ መሆኑም ትርጉም አለው።

ስም የሚጠበቅበት መንገድ

እንግዲህ ከአንበሳሜ ዙሪያ የተነሡት እነዚህ ስሞች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ሥርዐት ይገለጣል። ወለተ ጴጥሮስን ማኅበሯ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ገለበጠ፤ ስሟም ሙሉ ሆኖ ቀረ። ዘርዐ ያዕቆብ ጽሑፉን ትቶ ማኅበር ስላልተወ ስሙ በክርክር ላይ ወደቀ። አለቃ ገብረ ሐናን ሕዝቡ በቃል ጠበቃቸው፤ ቃል ግን የሚያስቀውን አጉልቶ የሚከብደውን ስለሚጥል ሊቅነታቸው ከቀልዳቸው ሥር ተቀበረ። አለቃ ታዬ በማተሚያ ቤት የታተመውን ያህል ቀሩ፤ ያልታተመው ደበዘዘ። የጋፋት ሠራተኞች ደግሞ ማኅበርም፣ ብራናም፣ ማተሚያ ቤትም፣ ክብርም ስላልነበራቸው ከሥራቸው በቀር ምንም አልቀረላቸውም። ሰባ ኩንታል ብረት ቀረ፤ ስም ግን አልቀረም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስም የታላቅነት መለኪያ አለመሆኑ ነው። የስም መቅረት የጠባቂውን ትጋት እንጂ የሠሪውን ብቃት አይለካም። ይህም ከሆነ ኃላፊነቱ ያለው በሙታን ላይ ሳይሆን በሕያዋን ላይ ነው። ታሪክን ነገሥታት ብቻ አልሠሩትም እየተባለ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። አባባሉ እውነት ሆኖ እንዲታይ ግን የሠሩት ሰዎች በስም ሊታወቁ ይገባል። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው ቃል ራሱ ስም የሌለው ጅምላ ሆኖ ከቀረ፣ የጋፋቱ «ሠራተኞች» ከሚለው ቃል የሚለየው ነገር አይኖርም።

በደብረ ታቦር ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአንበሳሜም በቆራጣም፣ በይፋግም በናበጋም መምህራንና ተማሪዎች አሉ። በየአድባራቱ የተክሌን አቋቋም ከመምህራቸው፣ መምህራቸውም ከመምህሩ እየተቀበሉ የተማሩ አዛውንት አሉ፤ የትምህርታቸውን የዘር ሐረግ በቃል ሊቆጥሩ ይችላሉ። ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ማሲንቆ የሚቀርጹ እጆችም አሉ። ገላውዴዎስ የወለተ ጴጥሮስን ባልንጀሮች ለመጠየቅ የተጠቀመበት መሣሪያ ብዕር፣ ብራናና ትዕግሥት ብቻ ነበር። ዛሬ ያለው መሣሪያ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው፤ የጎደለው ተነሥቶ የሚጠይቅ ሰው ነው።

አንድ የታሪክ መምህር በየዓመቱ ተማሪዎቹን ወደ አንድ አንጥረኛ ወይም ወደ አንድ የአቋቋም መምህር ልኮ ስሙን፣ ያስተማረውን ሰው ስምና ሙያውን ቢያስመዘግብ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወረዳው ትምህርት ቤት ገድለ ወለተ ጴጥሮስን የሚያህል መዝገብ ይኖረዋል። ሠዓሊውም የጋፋትን ምድጃ ሲሥል ከንጉሡና ከባዕዱ ባሻገር ወናፉን የያዘውን ሰው ፊት ሊሥል ይችላል። ይህ ለሙታን የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም። ሙያው የተከበረለትና ስሙ የተጻፈለት አንጥረኛ ልጁን ሙያውን ለማስተማር አያፍርም።

ርብና ጉማራ ዛሬም ከጉና ይወርዳሉ። ውሃው ጣና ሲገባ ስሙን ማጣቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የሰው ስም መጥፋት ግን የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ጠያቂ ባለመኖሩ የሚደርስ ጥፋት ነው። ቆራጣ ይህን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ተረድታ ነበር።